የፉርጎ ሰሃን

ጠዋት ቀፊራ ሄጄ፣ ከጉሌድ መደብ ፊት ቆሜ፣
ከግመሏ ታፋ ቀዩን ብቻ አልኩት፣ ደጋግሜ።
«ጮማውን ልተወው? አጥንቱንስ? ለፉርጎ?»
አለኝ ዓይኑን አጥብቦ፣ ቢላውን ከፍ አድርጎ።

አጥንትማ ድሮ ቀረ።
የፍየል ቅልጥም በዚያ መንጋጋ ሲሰበር
ከለገሃር ግንብ ማዶ ድምፁ ይሰማ ነበር።
ዛሬ አራት ጥርስ ቀርታዋለች፣ አንዷም ትነቃነቃለች፤
አጥንት ሳሳየው ጅራቱ ትወዛወዛለች፣
አፉ ግን አይከፈት።

ከሺኒሌ መልስ፣ ሀዲድ ዳር ያገኘሁት ቡችላ፣
ስሄድ የሚሄድ፣ ስቆም የሚቆም ከኋላ፤
ፍሬን ያዥ ምን ስም ያወጣል? ፉርጎ አልኩት።
ባቡሩ ሲቀር እኔ ጡረታዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤
እሱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ይጮህ ነበር። ብዙ ዓመት ሰማሁ።
ዘንድሮ ዝም አለ።

ዶክተር ራውዳ ሆዱን ዳስሳ፣ ድዱን ገልጣ አየች፤
«ኩላሊቱ ደክሟል፣ ጨው እንዳታስነካው» አለች።
«ሽንኩርት ቀይም ነጭም ይቅር፣ በርበሬ በጭራሽ፤
ለስለስ ያለ ነገር፣ በቀን ሦስቴ፣ ትንሽ ትንሽ።»
ወረቀቱን ሳነበው ሳቄ መጣ። ከሽንኩርቱ በቀር፣
ባለፈው ወር ለደም ግፊቴ የተጻፈልኝ ይኸው ነበር።

ከውጭ የመጣ ከረጢት ሱቅ አየሁ፤ በረዶ ላይ የቆመ
ነጭ ውሻ ተሥሎበታል፣ የተበጠረ፣ ያልታመመ።
ፉርጎ የሚያውቀው በረዶ ጭማቂ ቤቱ በር ላይ
የሚደፋውን ነው፣ እሱ ሳይደርስ የሚልሰው ፀሐይ።
ዋጋው የጡረታዬ ግማሽ፤ ገዛሁት እያንገራገርሁ፤
አሸተተና ዞር አለ። ለሙሉዓለም ዶሮዎች ሰጠሁ።

አጥሚት አፈላሁ፣ እንደ አራስ። ላሰና አስመለሰ።
ቅንጬውን ከነሰሃኑ ባፍንጫው ገፍቶ ወደኔ መለሰ።
ጉበት? ጉበትማ ባንድ ትንፋሽ አለቀ፤
ሌሊቱን ሦስቴ በር ከፈትኩለት፣ ግቢው ተጨማለቀ።

ሙሉዓለም ካጥሩ ማዶ፣ «ለውሻ ዱባ ስትልጥ
አስካለ ባየችህ!» ብላ ሳቀች፤ ቢላው ከእጄ ሊያመልጥ።
እውነቷን ነው። አስካለ ስትታመም እኔ መስመር ላይ ነበርሁ፤
ሾርባዋን ከሆቴል፣ በፔርሙስ፣ በሰው እጅ አስላክሁ።
ጨው ይብዛበት ይነሰው አልቀመስኩትም።
እሷም አልነገረችኝ።

አሁን እቀምሳለሁ።
ከጭብጥ የማትበልጥ ሥጋ አድቅቄ እከትፋለሁ፤
ዱባው እስኪፈርስ፣ ሩዙ እስኪላሽቅ አጠገቡ እቆማለሁ።
በጣቴ እለካዋለሁ፣ ከትኩስም ከቀዝቃዛም መሐል፤
አንገቱ እንዳይጎብጥ ሰሃኑ ሁለት ጡብ ላይ ይቀመጣል።
ከድስቱ ግማሹ የሱ፣ ግማሹ የኔ፤
ልዩነታችን አንድ ራስ ሽንኩርት ነው።

አንዳንድ ቀን አይበላም። ያን ቀን መሬት ቁጭ እላለሁ፣
በመዳፌ አቀርብለታለሁ፣ የምሳዬን ሰዓት እረሳለሁ።
ሲሻለው እንወጣለን፤ እሱ ከፊት፣ እያነከሰ፣
እኔ ከኋላ ተቀጥዬ፣ ጉልበቴ እየለገመ።

ትናንት ማታ ሰሃኑን ላሰ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር፤
ከደቻቱ በኩል አሸዋ ያዘለ ነፋስ ይነፍስ ነበር።
ጆሮውን አቆመ። ወደ አሮጌው ሀዲድ ዞረ።
አንድ ጊዜ ጮኸ፣
ድምፁ ሻካራ፣ ዛገ ያሉት ፍሬን የመሰለ።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲሉ
ለካ እንዲህም ሆኖ ነው።

ሰዓቴን አየሁ፤
ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል።
ባቡሩም እንዲሁ ነበር።